ወደ አምባሰል፦ ቀበሌያችን መልሶ ሲቋቋም

ማለዳ፣ ደሴ

ጎህ ሲቀድ ከመናኸሪያ ወጣን። ከጅዳ ከተመለስኩ ገና ጥቂት ቀኔ ነው፤ ሻንጣዬን እንኳ በወጉ አልፈታሁም። ያስቸኮለኝ አባቴ ነው። በጦርነቱ አምባሰል ያለው ቀበሌያችን ሲያዝ ሹሞቹ ወደ ደሴ ሸሹ። የያዙት ወታደሮች "ከእናንተ ጋር የሚያነጋግረን ሰው አምጡ" ሲሉ ሽማግሌዎቹ የላኩት አባቴን፣ አቶ ሰይድን ነበር። አሁን ወታደሮቹ ወጥተዋል፤ ዛሬ የወረዳ ኃላፊ መጥቶ አስተዳደሩን መልሶ ያቋቁማል። "ከእነሱ ጋር የሠራ ይጠየቃል" የሚለው ወሬ ግን ጅዳ ድረስ ደርሶኛል።

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና፣ "አብሽሪ እህቴ፣ ዋናው መንገዱ መከፈቱ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ኬላው ላይ ውረዱ ያለን የለም። ቲማቲም የጫነ አይሱዙ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈን፤ ድሮ የሚያናድደኝ ጡሩምባ ዛሬ ደስ አለኝ።

ረፋድ፣ ሐይቅ

ሐይቁ እንደነበረ አለ። ዳር ዳሩን ሽንኩርት ያጠጣሉ፤ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በእግር ያዘግማሉ። ትኩስ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በአዋዜ በላሁ። ዋጋው ጣራ ነክቷል፣ ጣዕሙ ግን ያው ነው።

እዚሁ ሸህ እንድሪስ ተሳፍረው አጠገቤ ተቀመጡ። የአገራችን አበጋር ናቸው፤ ደም የሚያደርቁ፣ ዱዓቸው የሚፈራ አስታራቂ።

"አባቴ ሲነግረኝ፣" አሉ፣ "ጣሊያን ሲወጣ እንግሊዝ ደሞ የራሱን አስተዳደር ሊተክል ዕቅድ ይዞ ከተፍ አለ። ያገሩን ሰው ማን ጠይቆ! ዕቅድ የሚያወጣ ሁሉ እዚያው የከረመውን ይጠይቅ እንጂ።"

"አባቴስ ምን ይሆናል?"

"አሏህ ያውቃል። እሱን ለእኔ ተይው፣ ልጄ።"

ከሰዓት፣ አምባሰል

ከውጫሌ በባጃጅ ተጓዝን። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በሩ ተነቅሏል፤ ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አባቴ ዳር ላይ ነው። ከስቷል። ጉልበቱን ሳምኩ።

"በዚህ ቀን ምን አመጣሽ?" አለኝ።

የወረዳው ኃላፊ ተነሳ። "ዕቅዳችን ቀላል ነው። የቀድሞው ሊቀመንበር ይመለሳል። ከእነሱ ጋር የሠራም ይጠየቃል። ለመሆኑ አቶ ሰይድን ማን ሾማቸው?"

ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ።

ሸህ እንድሪስ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። "ዱዓ አድርገን የላክነው እኛ ነን። በእኛ ደንብ አሚን ያለ ሁሉ የነገሩ ባለቤትም ተጠያቂም ነው። ያን ቀን አሚን ያላችሁ፣ ተነሱ!"

መጀመሪያ የተነሳችው የሸሸው ሊቀመንበር ሚስት ናት። "ባሌ ደሴ ሲከርም እኔ እዚህ ነበርኩ። ወፍጯችን የተረፈው በሰይድ አፍ ነው፣ ወላሂ!" ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ተነሱ። ከዚያ ሁሉም። ከኃላፊው ጋር የተመለሰው ሊቀመንበርም መጥቶ የአባቴን ትከሻ ሳመ።

ኃላፊው ዙሪያውን አየና ሳቁ አመለጠው። "እንግዲህ አገር ሙሉ አልከስም! ይቅር፤ የሚጠየቅ የለም።" ወደ አባቴ ዞረ። "እርስዎ ብቻ ቀሩ፤ አይነሱም እንዴ?"

"እኔማ ያን ቀን መች አሚን አልኩ፣ ጌታዬ!" አለ አባቴ። "እምቢ ብዬ ነበር፤ በግድ ነው የላኩኝ!"

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እፎይ አልኩና እንባዬ መጣ።