ለእህቷ የተለካ ቀስት

የሆቴል አንሶላ በሚታጠብበትና በሚተኮስበት ቤት አብረዋት የሚሠሩት ሁሉ ሸምበቆ ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ቁመቷ ነው። ማሽኑ የሚተፋውን ትኩስ አንሶላ ከወዲያኛው ጫፍ የምትቀበለው እሷ ነበረች፤ ሌላው ሰው ሁለቴ ተራምዶ የሚደርስበትን እሷ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ ትይዘዋለች። ታናሽ እህቷ ደግሞ አጭር፣ ድቡልቡል፣ ሳቂታ ነበረችና ድንቡሽ ትባላለች። ጎን ለጎን ሲሄዱ ያየ ሰው "እነዚህ እውነት የአንድ እናት ልጆች ናቸው?" ማለቱ አይቀርም ነበር።

ቀስት መወርወር የጀመሩት በድንቡሽ ጦስ ነው። ከኳስ ሜዳው ጀርባ ባለው አሮጌ መጋዘን ውስጥ የቀስት ክበብ እንዳለ የሰማችው እሷ ናት። "ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስትጎትቺ ትውያለሽ፤ ጅማት መጎተት ምን ያቅትሻል?" ብላ እህቷን እያሳቀች ወሰደቻት። ሸምበቆ ለአንድ ቀን ብላ ሄዳ በዚያው ቀረች።

የክበቡን ዕቃ የሚጠግኑት ሽማግሌ ጋሼ ብሎን ይባላሉ። የደረት ኪሳቸው ከብሎን ባዶ ሆኖ ታይቶ አያውቅም። ተፈታቶ የሚገጠመውን ቀስት ያስተዋወቋቸው እሳቸው ናቸው። መሃሉ እጀታ ነው፤ ከላይና ከታች ሁለት ክንፎች በብሎን ይታሰሩበታል፤ ጅማቱ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ይወጠራል። እጀታው አንድ ሆኖ ክንፎቹን ግን አጭር፣ መካከለኛ ወይም ረጅም እያደረጉ መቀያየር ይቻላል። እህትማማቾቹ እጀታውን በጋራ ገዙ። ክንፍ ላይ ሲደርሱ ድንቡሽ፣ "መካከለኛውን እንውሰድና ለሁለታችንም ይሁን። አስታራቂ ነው" አለች።

"ልካችሁ ሳይታወቅ?" አሉ ጋሼ ብሎን። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።" አሉ እንጂ አልከለከሏቸውም።

አስታራቂ የተባለው ሁለቱንም አስኮረፈ። ሸምበቆ ስትስበው ጅማቱ አገጯ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ድንጋይ ይሆንባታል። ድንቡሽ ስትስበው ደግሞ ክንፎቹ በወጉ ሳይለጠጡ ክንዷ ያልቅና ፍላጻው ከዒላማው እግር ሥር ሄዶ ይወድቃል።

ጋሼ ብሎን እህትማማቾቹ ሲያጉረመርሙ ሰምተው መጡ። "ክንፍ የሚመረጠው በዓይን አይደለም። ነገሩ ጅማቱን እስከምን ድረስ ትስቢያለሽ ነው። ብዙ ለሚስብ ሰው ክንፉ ካጠረ መጨረሻው ላይ ይደድርበታል፣ ጣቱንም ይቆነጥጠዋል። ጥቂት ለሚስብ ሰው ከረዘመ ደግሞ ክንፉ ሳይነቃ ይለቀዋል።"

"የኔን እንኳን አትቀስቅሱት፣ ደክሞት ነው" አለች ድንቡሽ።

ሽማግሌው መስመር መስመር የተሰመረበት ረጅም ፍላጻ አምጥተው በለስላሳ የመለማመጃ ቀስት ሁለቱንም አሳቧቸው። ጅማቱ አገጫቸው ላይ ሲያርፍ የትኛው መስመር እጀታው ላይ እንደደረሰ ጎንበስ ብለው አዩ። መካከለኛው ወደ ሱቁ ተመለሰ፤ ለሸምበቆ ረጅም፣ ለድንቡሽ አጭር ክንፍ መጣ። ከዚያ ወዲያ በተራ ሆነ። አንዷ ስትጨርስ ክንፎቿን ትፈታለች፣ ሌላዋ የራሷን ትገጥማለች። ድንቡሽ ብዙ ጊዜ መፍታቱን ትረሳ ነበር።

ድንቡሽ በዝናቡ ወራት ታመመች። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ሳንባ ተባለ፣ ከዚያ ሐኪሙ ባሏን ወደ ኮሪደር ጠራው። ባሏ የአውቶብስ ሹፌር ነው፤ ተመልሶ ሲገባ የድንቡሽን ጫማ ከአልጋው ሥር አውጥቶ አስተካክሎ አስቀመጠው። በማግስቱ ድንቡሽ አረፈች።

በቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ዓይኑ ሸምበቆ ላይ ነበር። እንባ አልመጣላትም። አንዱ ድንጋጤ ነው አለ፤ ሌላው በሆዷ ነው የምታለቅሰው አለ። ሆዷን እሷ ራሷ ፈትሻዋለች፤ ምንም አልነበረበትም። ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ አንሶላ ያዘች፣ አጠፈች፣ ደረደረች። አንድ ቀን የማሽኑ ብረት ክንዷን ጠብሷት እሷ ያወቀችው ጓደኛዋ ስትጮህ ነው።

ወደ ክበቡም መሄዷን አልተወችም። ቀስቱን ከመደርደሪያው ስታወርደው እጀታው ላይ የድንቡሽ አጫጭር ክንፎች እንደተገጠሙ ነበሩ። በእነሱ ወረወረች። በሌላው ጊዜም በእነሱ ወረወረች። የክበቡ ሰዎች "የእህቷን ክንፍ አልፈታም አለች፣ አንጀት ትበላለች" እያሉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ጀመር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ብሎኑን መፍታት፣ ረጃጅሞቹን ከሳጥን ማውጣት፣ ጅማቱን በረጅም መቀየር ነበረባት፤ ይህ ሁሉ ለምን እንደሚደረግ ትዝ አላላትም። ፍላጻዎቿ ግራና ቀኝ ይበተናሉ፣ ጣቶቿ ውኃ ቋጥረዋል። አላሳሰባትም።

ጋሼ ብሎን አንድ ቅዳሜ ጣቶቿን አዩ። "ይሄ ክንፍ ያንቺ አይደለም።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ምንም።"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ" ብለው ትንሽ ጠበቋት። ቢያንስ እንድትቆጣ ፈልገው ነበር። እሷ "ልክ ነው" ብላ ሌላ ፍላጻ ጅማቱ ላይ ሰካች።

የድንቡሽ ባል፣ ሹፌሩ፣ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሥራ ጃኬቱን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሞ እግሩን ሲያፈራርቅ አየችው።

"እትዬ፣ ቤት መቀመጥ አቃተኝ" አላት። "የሷን ክንፎች ብታውሺኝ... መማር ፈልጌ ነው። እኔም አጭር ነኝ፣ ይሆኑኛል።"

ሸምበቆ ጅማቱን አላልታ አወረደች፣ ብሎኖቹን ፈታች፣ ሁለቱን ክንፎች በእጁ አስቀመጠችለት። ወራት የቆየ ነገር በአንዴ አለቀ። ጋሼ ብሎን ግን የክበቡን እጀታ ሊያውሱት ከመነሳታቸው በፊት ባለ መስመሩን ፍላጻና የመለማመጃውን ቀስት አመጡ። ሹፌሩ ጃኬቱን አውልቆ ለሸምበቆ ሰጣትና ሳበ። ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። እንደገና አሳቡት። እንደገና ጎንበስ አሉ።

"ቁመትህ አታለለን፣ ልጄ። ክንድህ ረጅም ነው። ለአንተ መካከለኛው ነው የሚሆንህ።"

"እነዚህስ?"

"እነዚህ ያጥሩሃል።"

ሹፌሩ ክንፎቹን አገላብጦ አያቸው። "ጫማዋ አይሆነኝ፣ ልብሷ አይሆነኝ። ይሄ እንኳን አይሁነኝ?" አለና እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱን ሳይሸፍን፣ እንደ ልጅ አለቀሰ። ጋሼ ብሎን ትከሻው ላይ እጃቸውን ጣል አደረጉ። ሸምበቆ ጃኬቱን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ማዘን እንዳለባት ታውቃለች፤ የምታዝንበት ቦታ ነው የጠፋት። ስለዚህ ጃኬቱን አጠፈችው፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ፣ ጫፍ ከጫፍ፣ እንደ አንሶላ።

ሲረጋጋ ጋሼ ብሎን መካከለኛ ክንፍ ከክበቡ ዕቃ መርጠው ገጠሙለት። ከዚያ ወደ ሸምበቆ ዞሩ። "አንቺስ? በባዶ እጀታ ልትወረውሪ ነው?"

ረጃጅሞቹን አወጣች። ብሎኑን አሰረች፣ ረጅሙን ጅማት ወጠረች፣ መስመሩ ላይ ቆመች። ጅማቱ ሳይደድር፣ ሳይቆነጥጣት አገጯ ላይ መጥቶ አረፈ። ለቀቀችው፤ ፍላጻው በዒላማው መሃል ካለው ቢጫ ክብ ዳር ላይ ተሰካ። ደስ አላላትም፣ አልከፋትምም። ጣቷን ብቻ አላመማትም።

ሹፌሩ በየቅዳሜው መምጣት ያዘ። አጫጭሮቹን ክንፎች አንዲት አዲስ ገቢ፣ የዳቦ ቤት ገንዘብ ተቀባይ፣ በልኳ ሆነው አገኘቻቸው። ሸምበቆ አስቀድማ ሹፌሩን ጠየቀችው፤ እሱም "ትውሰዳቸው፣ እትዬ፤ እሷም ብትሆን ዕቃ ማስቀመጥ አትወድም ነበር" አለ። ሴትዮዋ ስትወረውር ግን ሁልጊዜ ጀርባውን ይሰጣል።

አንድ ቀን ሸምበቆና ሹፌሩ ፍላጻቸውን ለመልቀም ወደ ዒላማው ጎን ለጎን ሲሄዱ ድንገት ጠየቃት።

"እትዬ፣ አንቺ መቼ ነው የምታለቅሺው?"

አሰበችበት፤ የምር አሰበችበት። "እኔ እንጃ" አለችው። "ሲመጣ እነግርሃለሁ።"

"እሺ" አለ ሹፌሩ። የእሱ አንድ ፍላጻ የዒላማው እንጨት ውስጥ ጠልቆ ገብቶ አልነቀል ብሎት ነበርና፣ ሸምበቆ በአንድ እጇ ሰሌዳውን ደግፋ በሌላው ነቀለችለት።