የአባቴ የቆርቆሮ ባቡር

ባለፈው ሳምንት የጎረቤት ጣራ ሲጠገን የቆርቆሮ መቀስ ድምፅ ሰማሁና በሬን ዘጋሁ። ያ ድምፅ ጥርሴ ውስጥ ነው የሚገባው። አርጅቻለሁ፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን እግዜር አላስረሳኝም። ምን ሆነሽ ነው ካልከኝ ልንገርህ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቤታችን መርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ ጀርባ፤ ቀኑን ሙሉ የመዶሻ ኳኳታና የብየዳ ሽታ አይለየንም። አባቴ ባቡር ላይ የጭነት ተቆጣጣሪ ነበር፤ ፉርጎ ከልክ በላይ እንዳይጫን የሚያይ እሱ ነው። አንድ ቀን ጥጥ የጫነ ፉርጎ ስሟን የማልጠራት ትንሽ ጣቢያ ሲገባ፣ የመሳፈሪያውን ጣራ ክፈፍ መትቶ ገነጠለው። ሰው አልሞተም። ጥፋት ግን ባለቤት ይፈለግለታልና “ከልክ በላይ አስጭኗል” ብለው አባቴን ከሥራ አገዱት። “አሻጥር ነው” ያሉም ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ይህች ቃል ምን እንደምታስከትል ታውቃለህ።

እናቴ እህል በረንዳ ምስርና ሽምብራ እየሸጠች ታበላን ጀመር። አባቴ ደግሞ የዘይት ጣሳ እየለቀመ ጣቢያውን አሳንሶ መሥራት ያዘ፤ ሐዲዱን፣ ጣራውን፣ ጥጥ የጫነውን ፉርጎ። ጉዳዩን ለሚመረምረው አጣሪ ኮሚቴ ሊያሳይ ነው። ምን ሊያሳይ እንደሆነ ግን አልነገረንም። ያኔ ወላጅ ጉዳዩን ለልጁ አያወራም፤ ልጅ ቀበሌ ውይይት ሄዳ ምን እንደምትለፈልፍ ማን ያውቃል?

እኔ የማየው ይህን ብቻ ነበር፤ አመሻሽ ላይ ፉርጎውን በጣቱ ይገፋል፣ የጭነቱ ጫፍ ጣራውን ገጭ ያደርገዋል፣ ይቆማል። አባቴ ራሱን ይነቀንቃል። እንደገና ይለካል፣ እንደገና ይገፋል፣ እንደገና ገጭ። አንጀቴን በላው። እጁ ከዳው፣ ማሳለፍ አቃተው አልኩ።

ኮሚቴው ፊት በሚቀርብበት ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ ፀጉሩን ሊስተካከል ሲወጣ የቆርቆሮ መቀሱን አነሳሁና የጣራውን ክፈፍ ከዳር እስከ ዳር፣ የጣት ውፍረት ያህል ቆረጥኩለት። ቆርቆሮው እጄን ሸረከተኝ፤ በጨርቅ አሰርኩት። ፉርጎውን ብገፋው ሳይነካ አለፈ። ከደስታዬ ብዛት ዘለልኩ።

በማግስቱ ተጋግዘን ይዘነው ሄድን። አባቴ ኮሚቴው ፊት ቆመ።

“ጓዶች፣ ጭነቱ በደንቡ ልክ ነው። ሐዲዱ ግን በየዓመቱ ጠጠር እየተጨመረበት ከፍ ብሏል፤ ጣራው ያው የድሮው ነው። በልኩ የተጫነ ፉርጎም ይመታዋል። ሁሉንም ለክቼ እኩል አሳንሼ ነው የሠራሁት፤ ይኸው እዩት።”

ለካስ እንዲመታ ነበር የሠራው። ፉርጎውን በጣቱ ገፋው፤ ሸርተት ብሎ አለፈ።

“ይኼማ አለፈ እኮ ጓድ!” አለ ሰብሳቢው እየሳቀ። “በልኩ የተጫነው ካለፈ፣ ያንተው ከልክ በላይ ነበር ማለት ነው።”

አባቴ ጎንበስ ብሎ አውራ ጣቱን በክፈፉ ላይ አስኬደ። አዲሱ ቁርጥ ያብለጨልጭ ነበር። ቀና ሲል በጨርቅ የታሰረውን እጄን አየ። ልጄ ናት የቆረጠችው ቢል ማን ይከለክለዋል? ማስረጃ ያበላሸ ሰው የት እንደሚወሰድ ግን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።

“ልኩን የሳትኩት እኔ ነኝ” አለ። “ጥፋቱ የእኔ ነው።”

በተክለ ሃይማኖት በኩል ስንመለስ “አባባ፣ እኔ እኮ…” ብዬ ጀመርኩ።

“ብርድ ነው፤ ነጠላሽን ተከናነቢ” አለኝ።

ከሥራ ተሰናበተ። ከዚያ እስኪሞት፣ ዘጠኝ ዓመት፣ እህል በረንዳ ከእናቴ ጎን ተቀምጦ ጆንያ ሰፋ። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ደከምኩ። እናቴ በተናደደች ቁጥር በሰው ፊት “መለካት እንኳ ያቃተህ!” ትለው ነበር። እሱ ቀና ብሎ አያየኝም፤ መርፌውን ይስባል። እኔም አጠገባቸው ቆሜ እየሰማሁ ዝም አልኩ።