የተገዘቱት ሱኑቶች

የመጥረቢያ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። እርጥብ እንጨት ሲፈለጥ የሚወጣው ሽታ ሲጨመርበትማ አያድርስ ነው፤ ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ያለው የልጅነት ቤታችን፣ ከጀርባው ያለው ኾር፣ የእናቴ ጩኸት፣ ሁሉም ባንዴ ይመጣብኛል።

ኾሩ በበጋ ፍየል የሚተኛበት፣ ኸሪፍ የሚሉት ክረምት ገብቶ ሲዘንብ ግን ጎርፍ የሚሞላው ደረቅ ወንዝ ነበር። በየዓመቱ ዳሩን እየናደ ወደ እኛና ወደ ጎረቤታችን ሐጃ ዘይነብ የጭቃ ቤት ይጠጋ ነበር። ከጎጃም የመጣችው እናቴ ዛፍ ሲባል የምታውቀው ባሕር ዛፍ ነበርና፣ ዘሩን ከአገር አስልካ፣ ችግኝ አፍልታ፣ ውሃ ተሸክማ ብታጠጣው የካርቱም ፀሐይ ጠብሶ ጣለባት። ሐጃ ሆዷን ይዛ ስቃ፣ በእኔ ስም ጠርታ፣ «ያ ኡም ሣራ፣ የሣራ እናት፣ ሱኑት ትከዪ፣ የእኛን አገር ግራር! ሱኑት ውሃ ውስጥ ቢከርምም አይሞት፣ አፈሩንም አይለቅ» አለቻት።

ሁለቱ ቤተሰብ አብረን ተከልን። ዛፎቹ አድገው ዳሩን ጨምድደው ያዙት፣ ጎርፉም በሩቁ ያልፍ ጀመር። ወፍ ጎጆዋን ትሰቅል፣ ንብ ቢጫ አበባውን ትቀስም ነበር። ብርዱ ሲመጣ ሐጃ ፍሬውን አጭሳ ጉንፋናችንን ታክምልን ነበር።

አባቴ ግን እንጨት ቆራጭ ፈርቶ፣ ባገሩ ልማድ ቄሳችንን አባን ጠርቶ ዛፎቹን አስገዘተ። አባ መስቀላቸውን አንስተው፣ «ይህን የቆረጠ የተገዘተ ይሁን!» አሉ። «ሐጃ እኮ እስላም ናት፣ እሷን ግዝት ምን ያደርጋታል?» ብል፣ አባቴ «ዝም በይ፣ አንቺ ምላሳም!» ብሎ ገሠጸኝ። ሐጃ ግን ፍየል በጫማዋ እያባረረች ስትጠብቀው ኖረች።

አንድ በጋ ጋሽ ታደለ የሚባል ባለሱቅ፣ የእኛው ሰው፣ ልጁን ሊድር ሆነና ለወጡ ማገዶ ዓይኑን ሱኑቶቹ ላይ ጣለ። አባም ባሰሩበት አፋቸው ግዝቱን ፈቱለት! መጥረቢያው ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ። እናቴ «ኧረ የሰው ያለህ!» ስትል፣ አባቴ እጁን አጣጥፎ ቆሞ፣ «አባ ከፈቱት እኔ ምን ልበል?» አለ። ምን ልበል ብሎ ነገር! እምቢ በላ!

ክረምቱ ገባ፣ ጎርፉ መጣ፣ መጀመሪያ የወሰደው የሐጃን ቤት ነበር። እኛ ግቢ አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ ጭቃው ቀሚሷ ላይ እንደደረቀ፣ አባቴን ቀና ብላ አየችውና፣ «እኔ እኮ ቄሳችሁ እንዳይከፋቸው ብዬ አንዲት ጭራሮ አልሰበርኩም» አለችው።

በኋላ፣ ካርቱም ላይ በተነሳው ጦርነት ጋዝ ጠፍቶ ዛፍ የቆረጠውን አልቆጣም፤ የራበው ልጅ ነበረው። ለሠርግ ወጥ የቆረጠውን ግን እስካሁን ይቅር አላልኩም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ዘንድሮ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ኾሩ ዳር እንደገና ሱኑት ተክለናል። ቄስ ይጠራና ይገዝት ያሉ ነበሩ፤ እኔ እምቢ አልኩ። ያኔ ዛፎቹ ሲቆረጡ ሐጃን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ አሁን ግን ያረጀችው ሐጃ ሳትፈቅድ አንዲት ቅርንጫፍ አትቆረጥም።