አባ ኤላ የደፈኑት ጉድጓድ

ሽማግሌውን አልወዳቸውም ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ የሞተ ሁሉ ደግ ነበር እያሉ ማልቀስ አይሆንልኝም። ከአዋሽ በታች ካለው በረሃ አዳማ በመጡ ቁጥር ግቢያችን ቅቤ ቅቤ ይሸታል፣ ግመሎቻቸው አጥሬን ይበላሉ። እሳቸው ደግሞ ይግቡ ቢባሉ አይገቡም። “ሰማይ የማይታይበት ቤት መቃብር ነው” ብለው ከግራሩ ሥር ይቀራሉ።

ባለቤቴ ከወሎ የመጣ የቆዳና የቅቤ ነጋዴ ነበር። ኦሮምኛው የገበያ ነው፤ ከዋጋ አያልፍም። እኔ ግን ኦሮምኛ በሚነገርበት ሁሩታ ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ የሽማግሌው አስተርጓሚ ሆኜ ቀረሁ። ሰው ሁሉ “አባ ኤላ” ይላቸዋል፤ የጉድጓዱ አባት ማለት ነው። የጎሣቸው አለቃ ነበሩ። አለቅነታቸው ግን በጦር ወይም በከብት ብዛት አልነበረም። አያቶቻቸው የቆፈሩት አንድ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነበረ፤ በጋው ጠንቶ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እሱ አይደርቅም። ማን ከማን ቀድሞ ከብቱን እንደሚያጠጣ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። ያንን ጉድጓድ የያዘ ሰው የጎሣውን ነፍስ ይዟል።

ጠላት ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው፣ አንድ ቀን ያለ ወቅታቸው መጡ። ቅቤ የለ፣ ቆዳ የለ፤ አንድ ግመል ብቻ። የእነሱ ሰላምታ ረጅም ነው። ሰዉ ይጠየቃል፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ ሣሩ ይጠየቃል፣ መንገዱ ይጠየቃል። ባለቤቴ “የእነሱ ሰላምታ እስኪያልቅ ባቡሩ ድሬዳዋ ይገባል” እያለ ያሾፍ ነበር። የዚያን ዕለት ግን “ነጋ?” ብለው ጠየቁ፤ ሰላም ነው ማለታቸው ነው። “ነጋ” አልናቸው፤ በቃ። ያን ጊዜ ነው ነገር እንዳለ ያወቅሁት።

“እንግዳ መጣብን” አሉ ከግራሩ ሥር ተቀምጠው። “ፈረንጅ ነው። በቅሎዎች አሉት፣ አስተርጓሚ አለው፣ ሳቁ ብዙ ነው። ወተት ሰጠነው፤ ጠጣ።”

በእነሱ ዘንድ ወተትህን የጠጣ እንግዳ ልጅህ ነው። ውሃ ወዴት ነው ብሎ ከጠየቀ አይደበቅም፤ ውሃ የሚደብቅ ሰውና ነፍሰ ገዳይ አንድ ናቸው። ስለዚህ ሰውዬው ጉድጓዶቻችሁን ልይ ባለ ጊዜ አባ ኤላ ራሳቸው እየመሩ አዞሩት። ትንንሾቹን አሳዩት። በመጨረሻም ትልቁን አሳዩት።

“ገመድ ጣለበትና ለካው። ቀድቶ በጠርሙስ ጨመረ” አሉ።

“ከዚያስ?” አልኳቸው።

“ከዚያማ ሄደ።” በዱላቸው መሬቱን ጫሩ። “ልጄ፣ ሳይጠጣ ሄደ። በቅሎዎቹንም አላጠጣም። ያልጠማው ሰው ውሃዬን ምን ያደርግለታል?”

ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር፤ እኔ ግን በረደኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ያላየሁት የዚያ ሰው ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

ባለቤቴ ሊያጽናናቸው ሞከረ። “ባቡሩ ከመምጣቱ በፊትም እኮ መሬቱ ተለክቶ ነበር። ምን ሆንን? በያቸው” አለኝ።

ነገርኳቸው። ከጣቢያው በኩል ጭስ እየተነሣ ነበርና ወደዚያ ተመለከቱ።

“እውነቱን ነው” አሉ። “በለኩበት ሁሉ መጥተዋል።”

የአዳማው ሹም ዘንድ እንድወስዳቸው ለመኑኝ፤ ወሰድኳቸው። ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ባለጉዳይ በዝቶበታል። እንግዳው ከላይ ፈቃድ እንዳለው ነገረንና “ጉድጓዴ ተለካ ተብሎ የሚከፈት ክስ የለም” አለ። እኔ ምላሴን መያዝ መች አውቅና፣ “ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው ጌታዬ” አልኩት። “አንቺ አስተርጉሚ እንጂ አትጨምሪበት” ብሎ አሰናበተን። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ስንመለስ ከሐዲዱ አጠገብ ቆሙ። እዚያ ነው የመጡበትን ጉዳይ ያወጡት። ጉድጓዱን ካልደፈኑት፣ ያ የለካው ሰው ሠራዊት ይዞ ይመጣል፤ በአያቶቻቸው ውሃ በርትቶ አገር ይወጋል። ከደፈኑት ደግሞ በጋው የገዛ ጎሣቸውን ከብት ይፈጃል። በሕጋቸውም ጉድጓድ የደፈነ ሰው የወገኑን ደም እንዳፈሰሰ ይቆጠራል፤ አለቃ ቢሆን እንኳ ምሕረት የለውም።

“ኢንተላ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “አንቺ ከባቡሩ የሚወርደውን ሁሉ ታያለሽ፣ የሚወራውንም ትሰሚያለሽ። ይመለሳሉ?”

የበረሃ ሰው ወሬ ሲጠይቅ ማጽናኛ አይፈልግም። የምታውቀውን ሳትቀንስ ትሰጠዋለህ፤ እሱም በሰማው ላይ ሕይወቱን ያሳርፋል። በዚያ ሰሞን ነጋዴው ሁሉ ከባሕሩ ማዶ ስለሚከማቸው ጦር ያንሾካሹክ ነበር።

“ይመለሳሉ” አልኳቸው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ዛሬም ብጠየቅ የምመልሰው ያንኑ ነው፤ ሆኖም ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ግመላቸውን ሳቡና ሄዱ።

ያ በጋ አቃጠለን። ከቆላ የሚመጣ ቅቤ ጠፋ፤ ባለቤቴ በየማለዳው በር ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ያያል፣ አቧራ እንጂ ግመል የለም። በዚያ በኩል አሞራው ሰማዩን ሞልቶት ነበር። እኔም የባሰ አታምጣ እያልኩ አያለሁ። በኋላ አንድ ግመል ነጂ ጣቢያው ዘንድ አግኝቶኝ ነገረኝ።

አባ ኤላ ከልጆቻቸው ጋር ሆነው ጎሣው ግጦሽ ፍለጋ በሄደበት ጊዜ ደፈኑት። ድንጋይ ከተቱበት፣ አፈር መለሱበት፣ እሾህ ከምረው አቃጠሉበትና የነበረበት ቦታ እንዳይታወቅ አደረጉ። ከብቱ ተጠምቶ ሲመለስ ውሃ የለም። ሰዉ መንጋውን ይዞ ወደ አዋሽ ሮጠ፤ ብዙው መንገድ ላይ ወደቀ። ሕፃናትም አለቁ። ከሞቱት አንዷ የአባ ኤላ የልጃቸው ልጅ ነበረች።

ጎሣው ተሰብስቦ ፈረደባቸው። አልገደሏቸውም፤ ሰላምታ ነሷቸው። ከዚያ ወዲያ “ነጋ?” የሚላቸው ሰው አልነበረም፤ አብረዋቸው የደፈኑት ልጆቻቸው ሳይቀሩ ፊታቸውን አዞሩ።

አዳማ መጡና ከከተማው ዳር ጎጆ ቀልሰው የነጋዴ ከብት መጠበቅ ጀመሩ። ምግብ እወስድላቸዋለሁ። መቼ መውደድ እንደጀመርኩ አላውቅም። እኔም እንደ እነሱ አድርጌ ሰዉን፣ ከብቱን፣ ሣሩን፣ መንገዱን አንድ በአንድ እጠይቃቸዋለሁ፤ ምንም ሳይኖራቸው ለሁሉም “ደህና” ይላሉ። አንድ መጽናኛ ብቻ ነበራቸው። “ውሃው ለእነሱ አይሆንም” ይሉኛል፤ ይህን ሲሉ ፊታቸው ይፈካል። እኔን ያ ፊት ያስፈራኝ ነበር። ሰው በአንዲት ነገር ብቻ ቆሞ ሳየው እፈራለሁ።

ከዚያ ጠላት ገባ። ሰዉ በየቤቱ ተሸሸገ፤ እኔ ግን እሳቸው ብቻቸውን መንገድ ዳር ቆመዋል ሲሉኝ ልመልሳቸው ሄድኩ። ካሚዮን በካሚዮን ላይ ተከታትሎ ያልፋል። ወታደር የጫነው አለፈ፣ መሣሪያ የጫነው አለፈ። ከዚያ በርሜል ብቻ የጫኑ መጡ፤ ማለቂያ የላቸውም።

“በውስጡ ያለው ምንድን ነው?” አሉኝ።

ገባኝ። ለምን እንደጠየቁም አወቅሁ።

“ቤንዚን ነው አባ” አልኳቸው። “መኪናው የሚጠጣው።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወዲያው አንዱ ካሚዮን ከፊታችን ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ከበርሜሉ በቆርቆሮ ቀዳ፣ ጠጣ፣ ፊቱን ታጠበ፣ አንገቱን ታጠበ፤ የተረፈውን መሬት ላይ ደፋውና ሄደ።

አባ ኤላ ቀስ ብለው ሄዱ። ጎንበስ ብለው እርጥቡን አፈር ነኩ፣ ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፤ ቁጣ የለም፣ ወቀሳ የለም።

“ልጄ፣ ውሃ ነው” አሉኝ፤ የማላውቅ መስሏቸው፣ በለሆሳስ።