ሦስተኛው ቀለህ

ነገሩ የሆነው ዐምና በጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። እስከ ዛሬ ከአባቴ በቀር ለሰው አልተነፈስኩትም። ሰው ባመሰገነኝ ቁጥር ግን ያ ቀን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ወንድሜን ለሞት ያቀረብኩት ተመስግኜ ደስ ባለኝ ሰዓት ነውና።

ቤታችን ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሚያወርደው መንገድ ዳር ነው። አባዬ በጉልምስናቸው ቆላ ወርደው ለአዳኞች ሠርተዋል። ፈረንጁ አሠሪያቸው አገሩ ሲገባ አንድ ትልቅ የአደን ጠመንጃ ሰጥቷቸው ሄደ። ፈቃድ አለው፤ ችግሩ ጥይቱ ነው። ጎንደር ድረስ ቢፈለግ የለም። ስለዚህ አባዬ የተተኮሰውን ቀለህ አይጥሉትም፤ አዲስ ባሩድና አረር አግብተው ራሳቸው ያሰናዱታል።

በዚህ ሥራ ላይ እንደሳቸው ጥንቁቅ ሰው አላየሁም። ባሩዱን በወርቅ ሠሪ ሚዛን ይለካሉ። ከትንሽ ይጀምራሉ፤ ባሩድ ከልኩ ካለፈ ጠመንጃው ተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳልና። ታናሽ ወንድሜ አስማረ ወንዝ ወርዶ ይተኩሳል፤ እሳቸው ትኩሱን ቀለህ ተቀብለው ቂጡን በጣታቸው እየዳበሱ «አልተጨነቀም፣ ይጨመርበት» ወይም «በቃው» ይላሉ። ባሩድ ይዘው ሰው አያናግሩም። በመሃል ከተነሡ ደግሞ የሞሉትን ሁሉ ገልብጠው እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ።

ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ሚዛኑን የማነብም የምመዘግብም እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት አስማረ ተምሮ ሲመለስ ደብተሩን ተቀብዬ፣ ከብት እየጠበቅሁ ነው። አባዬ ባሩዱን ጨምረው «ገባ» ሲሉኝ ደብተሩ ላይ አንድ ሰረዝ አሰምራለሁ።

በዚያ ሰሞን ጅብ በጎቻችንን ፈጀብን። አባዬ አምስት ቀለህ በሳንቃ ላይ ደርድረው ሥራ ጀመሩ። ሁለት ሰረዝ እንዳሰመርኩ ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማን። የንስሐ አባታችን ናቸው።

«ኖሩ አባቴ!» ብለን ሁለታችንም ብድግ አልን።

«በማርያም! በእግዜር ተቀመጡ!»

መስቀል ተሳለምን፤ መቀመጫ ተሰጣቸው፤ ስለ አዝመራው ተጨዋወትን። ቄሱ ቀለሆቹን አይተው «ይሄ ነገር አያስፈራም?» አሉ።

«ልጄ እያለች? ማንም ሳያስተምራት የተማረች ጸሐፊ አለችኝኮ!» አሉ አባዬ።

«ወንድ ብትሆን ለድቁና አበቃት ነበር» ብለው ቄሱ ሳቁ። እኔ በሐፍረትም በደስታም ጉንጬ ጋለ።

አባዬ ወደ ሳንቃው ዞሩ። «ሦስተኛው ገብቶ ነበር?» አሉኝ።

ደብተሩን አየሁ። ሁለት ሰረዝ ነው። ልቤ ግን እርግጠኛ አልነበረም። «እንጃ» ማለት ነበረብኝ። በቄሱ ፊት፣ ያን ሁሉ ምስጋና ሰምቼ፣ «እንጃ» ማለት አቃተኝ።

«አልገባም አባዬ። ሁለት ነው የተጻፈው» አልኩ።

እሳቸውም በእንግዳ ፊት የሞሉትን መገልበጥ አልወደዱም። ጨመሩበት። ባሩዱ የቀለሁን ግማሽ እንኳ ስለማይደርስ እጥፍ ቢገባ አይፈስም። የቀሩትንም ሁለቱን ሞሉ፤ በአምስቱም ላይ አረሩ ተገጠመ፤ አለቀ።

በማግስቱ አባዬና አስማረ ጥይቱን ሊሞክሩ ወንዝ ወረዱ። እኔ ደብተሩን ላስቀምጥ ብዬ ገለጥ ሳደርገው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሰረዝ መካከል አንዲት ነጥብ አየሁ። የእስክሪብቶ ጫፍ ምልክት ናት። «ገባ» ሳልባል እስክሪብቶ ወረቀት አላስነካም። ሰረዙን ልጀምር ስል ነው ቄሱ የተጣሩት። ሦስተኛው ያን ጊዜውኑ ገብቶ ነበር ማለት ነው።

ነጠላዬን ሳልደርብ ሮጥኩ። ቁልቁለቱን ስጀምር አንድ ተኩስ ተሰማ። እንቅፋት መቶኝ ወደቅሁ። እንደገና ተነሥቼ ስሮጥ ሁለተኛው። ስደርስ አስማረ ሦስተኛውን አጉርሶ፣ ጉንጩን ሰደፉ ላይ አስደግፎ ተንበርክኳል።

«አስማረ! ተው! በማርያም ተው!»

ዞር ብሎ አየኝና ሣቀ። «ምነው እታለም? ጅቡ በቀን መጣብሽ እንዴ?»

አባዬ ጆሮ ሥር ጎንበስ ብዬ ነገርኳቸው። ፊታቸው ዐመድ ሆነ። ድምፃቸውን ግን አልቀየሩም። «አውጣው ልጄ። ባሩዱ እርጥበት ሳያገኘው አልቀረም» አሉት። የቀሩትን ሦስት ጥይቶች ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ።

ቤት ገብተን ሦስቱንም ፈታናቸው። የሁለቱ ልክ ነው። የአንዷን ሚዛን ላይ ሳፈሰው ቁጥሩ እጥፍ ሆነ። ለአባዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ከሦስቱ የትኛዋ ጠመንጃው ውስጥ እንደነበረች አናውቅም። ኪስ ውስጥ ተቀላቅለዋል።

አባዬ ባሩዱን ሰበሰቡት። ከዚያ «መገልበጥ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ለአስማረ ምንም እንዳትነግሪው» አሉኝ። ስለዚያ ነገር የተነጋገርነው ይኸው ብቻ ነው።

አስማረ ዛሬም ሰው በተሰበሰበ ቁጥር «እታለም ተኩስ ስትፈራ» እያለ አሯሯጤን አስመስሎ ያሳያል። ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ባለፈው ልጁን በቀኝ ክንዱ አቅፎ ሊጠይቀን መጥቶ፣ ያንኑ ቀልዱን ሲጀምር ተነሥቼ ወጣሁ። አባዬ ዝም በይ ያሉኝ አዝነውልኝ ነው፤ አውቃለሁ። ዝምታው ግን ከበደኝ።

አስማረ ማንበብ ይወዳል። ይህችም ጽሑፌ እጁ ትገባ ይሆናል። ወንድሜ፣ ያን ቀን ተኩስ ፈርቼ አይደለም የሮጥኩት። በገዛ ደብተርህ ፊደል የቆጠርኩ እኅትህ፣ በቄሱ ፊት «እንጃ» ማለት አፍሬ ስለነበር ነው።