ጾም የሚያስገድፈው የወፍጮዬ ጭስ

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙን ባከበርንበት ዓመት፣ በዐቢይ ጾም ነው። ዛሬም የተጠበሰ ነገር በሸተተኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል። በዕድሜዬ ብዙ ብልሃት ሠርቻለሁ፤ ስለ ሥራዬ አፌን ዘግቼ የዋልኩት ግን በዚያ ጾም አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ አልረሳውም።

ያኔ ከጌዶ ከተማ ወጣ ብላ ባለች፣ መብራት ባልገባላት መንደር የወፍጮ ቤት ነበረኝ። ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት ለጥቂት ጊዜ ነው። ሞተር መፍታትና መግጠም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ከአምቦ እስከ ነቀምት ባለው መንገድ፣ ድምፁን ብቻ ሰምቶ የሞተርን በሽታ በመናገር የሚበልጠኝ ካለ ይምጣና ይሟገተኝ።

በዚያ ዓመት በእኛ በኩል ናፍጣ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። የመንደራችን ሌላው ባለ ወፍጮ ኦቦ ደበላ ባዶ በርሜል ይዞ ከማደያ ማደያ ሲንከራተት፣ እኔ አምቦ ወርጄ ሆቴሎች ጠብሰው የሚደፉትን ዘይት በጄሪካን መሰብሰብ ጀመርኩ። የሆቴሎቹ ወጥ ቤት ሠራተኞች ሳሙና የምሠራበት መስሏቸው ነበር። እኔም አላስረዳኋቸውም፤ አይገባቸውም።

ዘይቱን እንደመጣ ሞተር ውስጥ መገልበጥ የሰነፍ ሥራ ነው። መጀመሪያ በርሜል ውስጥ ለሳምንታት አስቀምጠዋለሁ፤ አተላው ይዘቅጣል። ከላይ የጠራውን ብቻ ቀድቼ በለስላሳ እሳት አሞቀዋለሁ። ውሃ ካለበት ይንጣጣል፤ መንጣጣቱን ሲያቆም ውሃው አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በድርብ አቡጀዲ፣ ቀጥሎ በመኪና ፊልትሮ አሳልፈዋለሁ። ሞተሩን በናፍጣ አስነስቼ፣ ሲግል ወደ ዘይቱ አዞረዋለሁ። ከማጥፋቴ በፊት ወደ ናፍጣ እመልሰዋለሁ፤ አለዚያ ዘይቱ ቱቦው ውስጥ ይረጋና በማግስቱ ሞተሩ አልነሳም ይላል። ይህን ሁሉ ማንንም ሳልጠይቅ ነው የደረስኩበት።

ሞተሩ እንደውም ከበፊቱ ለስልሶ ሠራ። አንድ ነገር ብቻ ነበረው። ጭሱ ቦምቦሊኖ፣ ዓሣና ዶሮ ይሸታል። የመንደሩ ውሾች በጠዋት ተነሥተው ከጭስ ማውጫዬ ሥር፣ አፍንጫቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው ይቀመጡ ጀመር።

ጾሙ ሲገባ ደበላ ይህችን አገኘ። «ውሻ ለሽሮ ሲሰለፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰውዬው የሚፈጨው በዶሮ ስብ ነው» እያለ ገበያ ለገበያ አወራ። መቼም ወሬ ሲሆን ናፍጣ አይፈልግም። ወዲያው ጿሚው ሁሉ ከእኔ ሸሸ። ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻችን ባይኖሩ ወፍጮዬ በዚያው ይዘጋ ነበር።

በማርያም ማኅበራችን ውስጥ ጫልቱ የምትባል ሴት አለች። አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና መጣች።

«ጋሼ፣ ዱቄትዎ ይሸታል።»

«ያሸተትሽው ዱቄቱን ነው ጭሱን?»

«ሁለቱም ያሉት አንድ ቤት ውስጥ ነው።»

ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? እጇን ይዤ አስገብቼ አሳየኋት። ሞተሩ እዚህ፣ የወፍጮው ድንጋይ እዚያ፤ የሚያገናኛቸው ቺንጋው፣ ያ የጎማ ቀበቶ ብቻ ነው። ነዳጁ ከእህሉ ጋር አይተያይም። ቺንጋውን ጎንበስ ብላ አሸተተችና «እሱም ይሸታል» አለችኝ።

እኔም እንደነሱው ጿሚ ነኝ። ስለዚህ ወደ ንስሐ አባታችን ሄጄ ነገሩን ከነአሠራሩ አስረዳኋቸው። ዘይቱን እንዴት እንደማጠራ ስጀምር አባ እጃቸውን አነሡ።

«ጭሱን ማን ይበላዋል? ዱቄቱ ንጹሕ ነው። ለሴቶቹም እነግራቸዋለሁ። አንተ ይልቅ በዚህ ጾም ምላስህን አስጹመው።»

«ምላሴ ምን አጠፋ፣ አባ?»

«ከወፍጮህ ይበልጥ ይጮኻል።»

ቄስ ናቸውና መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ እንጂ፣ ሥራ የሚያውቅ ሰው ሥራውን ቢናገር ምን ነውር አለው? ለሴቶቹም ነገሯቸው። እነሱ ግን «አባ ለሰው ስለሚያዝኑ ነው» ብለው ወደ ደበላ መሄዳቸውን ቀጠሉ።

በዚህ መሐል ማኅበሩን የመደገስ ተራ የእኛ ቤት ሆነ። አንድ ጠዋት ከወፍጮ ቤቴ በር ላይ ቆሜ፣ ባለቤቴ ወርቅነሽ ጤፉንና የሽሮውን እህል በአህያ ጭና በፊቴ ስታልፍ አየኋት። የገበያ ቀን ስለነበር አገሩ ሁሉ ያያል።

«ወርቄ፣ እህሉን ወዴት ነው?»

«ደበላ ጋ።»

«የባለ ወፍጮ ሚስት ሆነሽ?»

«የባለ ወፍጮ ሚስት ስለሆንኩ ነው። ማኅበርተኛው ሁሉ እጁን ሰብስቦ ቢቀመጥ የማፍረው እኔ ነኝ። አንተማ ያኔም ስለ ፊልትሮ ታስረዳቸዋለህ።»

አህያዋን ነድታ ሄደች። ገበያተኛው በነጠላው ውስጥ ይስቃል። ሞተር ሰምቶ የማያውቅ ሁሉ የዚያን ቀን ሳቀብኝ።

በማግስቱ ደበላ ራሱ ደጄ ላይ ቆመ።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ መኮንን?»

«ደህና አደርኩ። የዶሮ ስብ ልትለምን ነው?»

«ማሎ፣ ይቅርብህ። ናፍጣዬ አልቋል፤ የቀረችኝ ለማስነሻ የምትሆን ናት። የሰው እህል ተደርድሮ ቀረ። የወርቅነሽም አለበት።»

ደስታዬን መሸሸግ አልቻልኩም። ለሳምንታት ስሜን ሲያጠፋ የከረመ ሰው እፊቴ ቆሞ ማሎ እያለ ይለምነኛል። ወዲያው ግን ማኅበሩ ነገ መሆኑ ትዝ አለኝ። እህሉን ወደ እኔ ወፍጮ ባመጣው የወርቅነሽን ድግስ ማንም አይቀምስላትም። እዚያው ከቀረ ደግሞ ባዶ ሞሰብ ታቀርባለች።

«ዘይቱን እሰጥሃለሁ» አልኩት።

«ለሴቶቹ እንዳትነግር።»

«እኔ?»

«አንተን ስለማውቅህ ነው።»

ዘይቱን ተሸክሜ ሄድኩ። እሱ ቢነካው ሞተሩን ያበላሸዋል፤ ስለዚህ ጄሪካኑን ከሞተሩ በላይ ሰቅዬ፣ ቱቦውን ገጥሜ፣ በናፍጣዋ አስነስቼ፣ ሲግል ያዞርኩት እኔ ነኝ። የደበላ ወፍጮ በታሪኩ እንደዚያን ቀን ደህና ሠርቶ አያውቅም። ሴቶቹ ሞተሩ ቆሟል ተብለው ወደየቤታቸው ስለተመለሱ ያየ የለም። ያወቁት ውሾቹ ብቻ ናቸው። ከእኔ ደጅ ተነሥተው ተከታትለው መጡ። ደበላ ከጓሮው ዞሮ ድንጋይ ሲወረውርባቸው ዋለ፤ እነሱም ሸሽተው ይመለሳሉ። ያን ሩጫ ለማየት ብቻ ዘይቱን በነፃ ብሰጥ አይቆጨኝም።

ወርቅነሽ ተጠርታ ዱቄቷን ልትወስድ ስትመጣ ጥላሸት የነካ እጄን አየችው። አየሩን አሸተተች።

«ነገ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ» አለችኝ።

እርሾ አብዝታ አቡክታ ሌሊቱን አፍለኛ እንጀራ ስትጋግር አደረች። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ቤታችን ሞላ። አባ መጡ፣ ጫልቱ መጣች፣ ደበላም ማኅበርተኛ ነውና መጣ። ጸሎት ደረሰ፣ ሞሰቡ ተከፈተ። ጫልቱ አንድ ጊዜ ጎርሳ አላመጠችና ቤቱ ሁሉ እንዲሰማት አድርጋ ተናገረች።

«የንጹሕ ወፍጮ ዱቄት ያስታውቃል። ኦቦ ደበላ፣ እጅዎ ይባረክ።»

«እውነት ነው፣ ምንም ሽታ የለውም» አሉ ሌሎቹ።

ደበላ ዓይኑን ከወጡ ላይ አላነሣም። የዘቀጠው በርሜል፣ አቡጀዲው፣ ፊልትሮው፣ ውሾቹ፣ ሁሉም ጉሮሮዬ ላይ መጥተው ተደርድረዋል። አፌን ከፈትኩ። ወርቅነሽ የጠላ ማንቆርቆሪያ እንደያዘች መሐል ቤት ቆማ ታየኛለች። ተቆጥታ አልነበረም። ፈርታ ነበር። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ፈርታኝ አታውቅም።

አባ ያኔ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው በከፈትኩት አፍ ውስጥ አስገቡት።

«ብላ፣ መኮንን። ስመጣ በደበላ ደጅ ነው ያለፍኩት፤ ውሾቹን አይቻቸዋለሁ» አሉኝ በጆሮዬ። «ጾሙ ሲፈታ ትናገራለህ።»

አላመጥኩ። ሞሰቡ ባዶ እስኪሆን ድረስ ዝም ብዬ በላሁ። ወርቅነሽ ጠላ ስትቀዳልኝ እስኪፈስ ሞላችልኝ።

ፋሲካ ባለፈ በመጀመሪያው ገበያ ተናገርኩ። ማን ይመነኝ? «ቀንቶ ነው» አሉ። ደበላም «ጋሼ ቀልድ ይወዳል» ብሎ ሳቀ። ሲፈጭላቸው የኖረውን ሞተር አንድ ቀን እንኳ ዞረው ያላዩ ሰዎች፣ የፈጨሁላቸውን እኔን ይፈርዱብኛል።

አሁን መብራት ገብቷል፤ ወፍጮው በመብራት ነው፣ ውሾቹም ተበትነዋል። በሥራዬ ዛሬም እኮራለሁ። በዚያን ቀኑ ዝምታዬ ግን ከሥራዬ ሁሉ ይበልጥ የምትኮራው ወርቅነሽ ናት፤ ለዘመድ የምታወራው እሱን ብቻ ነው። ትንሽ ያናድደኛል።

ጫልቱን ሳገኛት ያ እንጀራ ትዝ ይላት እንደሆነ እጠይቃታለሁ።

«እንዴት ይረሳል፣ ጋሼ? የደበላ ዱቄት እኮ ነው» ትለኛለች።

ጊዜው ጾም ከሆነ ዝም ብዬ አልፋታለሁ። ጾም ካልሆነ ግን እዚያው መንገድ ላይ አቁሜ ከአቡጀዲው ጀምሬ አስረዳታለሁ።