በሁዳዴ የመጣ ወተት

ባለፈው ሳምንት ደሴ፣ ከምሠራበት ቢሮ አጠገብ ባለች ሻይ ቤት፣ አንዲት ልጅ የዱቄት ወተት በፈላ ውሃ ስትበጠብጥ፣ ያ ጣፋጭና ትንሽ ጭስ ጭስ የሚል ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ያዘዝኩትን ሻይ ትቼ ወጣሁ።

በሰባ ሰባቱ የድርቅ ዘመን ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴና እኔ ከገጠር በእግራችን መካነ ሰላም ስንደርስ የተቀበለችን እትዬ ስንዱ የምትባል አስተማሪ ናት። የዚያው ከተማ ልጅ ነበረች፤ ለመምህርነት ትምህርት አዲስ አበባ ሄዳ ካቶሊክ ሆና ብትመለስ አባቷ ከአንድ መሶብ አላስቆርስ አሏት። እሷ ግን ትንሽ ልጅ በሚዳርበት ቤት ሁሉ ሳትጠራ እየሄደች ስለምትሟገት፣ መሬት ሲከፋፈልም ባሎቻቸው ለሞቱባቸው ሴቶች ካልደረሰ ብላ ስብሰባ ስለምታውክ፣ ሠርገኛው ገና ከሩቅ ሲያያት “መጣች ደግሞ፣ ድንኳኑን ያዙ!” እያለ ይስቅባት ነበር። ካድሬዎቹ በጸሎቷ፣ ካህናቱ በሃይማኖቷ ይጠረጥሯታል።

መጠለያችን ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ማታ ብርዱ አጥንት ይገባል። እናቴ የቀመሰችው እህል ሁሉ አልረጋላት ሲል የጤና ረዳቱ የሚያተርፋት ወተት ብቻ ነው አለ። ጊዜው ግን ሁዳዴ ነበር። እትዬ ስንዱ የእርዳታውን የዱቄት ወተት በጥብጣ በጣሳ ይዛ ስትመጣ እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እኔም እሷን አይቼ ሸፈንኩ። አጠገባችን የተኙ ባልቴት “በዱቄት ልታጠምቀን ነው!” ቢሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። እትዬ ስንዱም አብራ ሳቀች።

በማግስቱ ሲያወግዟት ወደኖሩት ቄስ፣ ወደ መምሬ አምሳሉ ሄዳ ለምና ይዛቸው መጣች።

“ለታመመ ጾም የለም። ፈትቻችኋለሁ፣ ጠጡ” አሉን መምሬ።

እናቴ መስቀሉን ተሳለመች። “ልጄ ትጠጣ። እኔን ግን ይተዉኝ፣ መምሬ። ባሌን ቀበርኩ፣ ከብቴ አለቀ፣ የቀረችኝ ጾሜ ናት። እሷንም አስረክቤ ልሙት?”

መምሬ ቢቆጡም ቢለምኑም እንቢ አለች።

“አብሽሪ፣ ማንም አያስገድድሽም” አለቻት እትዬ ስንዱ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ለእኔ ወተት፣ ለእናቴ በውሃ የቀጠነ የገብስ አጥሚት ይዛ ትመጣለች። ከሌላ ሰው እጅ የመጣውን ሁሉ ወተት ነክቶት ይሆናል ብላ የምትጠረጥር እናቴ፣ የእትዬ ስንዱን ግን ምን ገባበት ሳትል ዓይኗን ጨፍና ትጠጣው ነበር። ሆሳዕና ሳይደርስ አረፈች።

እትዬ ስንዱ አሳደገችኝ፣ አስተማረችኝ፤ አንድም ቀን ወደ እኔ ጸሎት ነይ ብላኝ አታውቅም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስመለስ፣ ስንት ዓመት ያፈርኩበትን ጥያቄ አንገቴን ደፍቼ ጠየቅኳት፤ አጥሚቱ ላይ አንድ ማንኪያ ወተት ጣል ብታደርጊበት ማን ያይሽ ነበር?

“አንድ ቀን ማንኪያውን ሞልቼ ይዤው ነበር” አለችኝ። “እናትሽ ግን አምናኝ ነበር የምትጠጣው።”

አሁን እሷም የለችም። ሰው ሲጠይቀኝ እትዬ ስንዱ ልክ ነበረች እላለሁ፣ ከልቤም ነው። ብቻዬን ስሆን ግን፣ ያችን ማንኪያ ጨምራበት ቢሆን ኖሮ እናቴ ዘንድሮ ስንት ዓመቷ ይሆን ነበር እያልኩ እቆጥራለሁ።